«ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁን

ባለፈው ዓመት የልጄ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት «አያቶቻችሁን ስለ ልጅነታቸው ጠይቃችሁ ጻፉ» ተብለዋል። «አባባ፣ ድሮ ልጅ እያለህ እንዴት ነበር?» አለችኝ። (አንተ ስትለኝ ደስ ይለኛል። እኔ አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ቀና ብዬ ዓይኑን ያየሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው።)

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ጥሩ ነበር» አልኳት። «ሰው ይዋደድ ነበር። ሁሉ ነገር ርካሽ ነበር።» ከዚያ በኋላ የምለው አጣሁ። እሷም ዝም አለች። 74 ዓመት የኖረ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ይህን የምጽፈው እናቱን ወይም አያቱን «እስኪ የድሮውን ንገሩኝ» ብሎ እንዲህ ያለ ባዶ መልስ ይዞ የተመለሰ ሰው ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ሽማግሌው ረስቶ አይደለም። መናገር ጠልቶም አይደለም። ጥያቄው ነው እንጂ። «እንዴት ነበር?» ሲሉት ሰው የሚያሳየው ሳሎኑን ነው፣ ለእንግዳ የተዘጋጀውን። ጓዳው እንደተዘጋ ይቀራል።

እኔን ያዳነችኝ ራሷ ልጅቷ ናት። የቤት ሥራ ወረቀቷ ላይ ባዶ ቦታ ተርፏት ነው መሰለኝ፣ «እሺ፣ የት ነበር የምትተኛው?» አለችኝ።

«መደብ ላይ።»

«መደብ ምንድን ነው?»

በቃ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ።

መደብ ማለት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራ ነው፣ ቀን መቀመጫ ማታ መኝታ። ጭቃ ላይ ትተኛላችሁ? አይ፣ ቁርበት ይነጠፍበታል። ቁርበት ምንድን ነው? የከብት ቆዳ። ሦስት ልጆች አንድ ጋቢ ለብሰን እንተኛለን፣ ከግድግዳው በኩል ያለው ይሞቀዋል ግን ትኋኑ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ዳር ያለው ደግሞ ሌሊት ጋቢው ይገፈፍበታል፣ ስለዚህ ሁላችንም መሀል ለመተኛት እንጣላለን፣ እማዬ ሲመራት በተራ አደረገችው። ዶሮዎቹ ከበላያችን ቆጥ ላይ ናቸው። ቆጥ ምንድን ነው? እያለች ቀጠለች።

ከዚያ 60 ዓመት አስቤው የማላውቀው ነገር መጣ። ግድግዳችን ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር። ያን ጊዜ በየጭቃ ቤቱ የተለመደ ነው። ጭቃው እንዳይራገፍ፣ ንፋስ እንዳይገባ፣ ለዓይንም እንዲያምር ተብሎ ዱቄት በውሃ ይቀቀልና በሱ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይለጠፋል። እማዬ ማንበብ አትችልም ነበር። ግማሹን ገልብጣ ነው የለጠፈችው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ንባብ ስጀምር ቤት ውስጥ ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ፣ መደቡ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጭንቅላቴን ወደ ታች ዘቅዝቄ ግድግዳ አነብ ነበር። እስከ ዛሬ የተገለበጠ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ። ልጆቼ ይህን ያውቃሉ፣ ይስቁብኛልም። ከየት እንደመጣ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። እኔም ራሴ ትዝ ያለኝ ያን ቀን ስልክ ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩት፣ ስለ ዕቃ ጠይቁ። ቃሉን እንደማያውቅ ሰው ሆናችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቻችሁ እውነትም አታውቁትም። የት ትተኙ ነበር? ውሃ ማን ይቀዳል? መብራቱ ምንድን ነው? እሳቱ በምን ይነዳል? ልጅቷ ስለ ሽንት ቤትም ጠይቃኛለች። የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

ሰፈራችን ቀበና ነበር፣ ወንዙ አጠገብ። የመጠጥ ውሃ ከቦኖ ነው፣ በወረፋ፣ በእንስራ። ልብስ የሚታጠበው ግን ወንዝ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ሳሙና ለሰውነት ነው እንጂ ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ነው የሚታጠበው። እንዶዱ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋው ይገነፍላል። እኛ ወንዶቹ አንድ ቁምጣ አንድ ካኒቴራ ብቻ ስለነበረን እሱ ታጥቦ ቁጥቋጦ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ራቁታችንን ውሃው ውስጥ ነን። ደመና ከመጣ አለቀልን። ማታ ማታ መብራቱ ኩራዝ ነው። በላምባ የሚነድ፣ ከጣሳ የተሠራ፣ ጢሱ የማያልቅ። ጠዋት ስንናፈጥ ጥቁር ነበር የሚወጣው። ሁላችንም እንደዚያ ስለነበርን የሰው ንፍጥ ሁሉ ጥቁር ይመስለኝ ነበር።

አሁን «ሁሉ ነገር ርካሽ ነበር» ወዳልኩት ልመለስ። እሱ ውሸት ነው። አውቄ የዋሸሁት አይደለም፣ ሁላችንም የምንለው ውሸት ነው። አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነበር፣ ደሞዙ በወር 30 ብር። አንድ ሸራ ጫማ የሦስት ቀን ድካሙ ነው። አምስት ልጅ አስቡ። ለዚህ ነው በባዶ እግር፣ ሲያልፍልን ደግሞ ከመኪና ጎማ በሚቆረጠው በረባሶ ያደግነው። ስለዚህ ሽማግሌ «ዶሮ በስሙኒ ነበር» ሲላችሁ አትደነቁለት። «ስሙኒውን ማን ይሰጣችሁ ነበር?» በሉት። ያን ጊዜ እውነተኛው ወሬ ይጀመራል።

ሳንቲም ራሱ ጥሩ ቁልፍ ነው። የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች ዛሬም የቆዩ ዕቃዎች በሚሸጡበት አይጠፉም። ባለ 25 ሳንቲሙን፣ ጠርዙ እንደ አበባ የተቆረጠውን፣ አባታችሁ መዳፍ ላይ አስቀምጡና ዝም በሉ። እኔ ልጄ አምጥቶ እጄ ላይ ሲያኖርልኝ አውራ ጣቴ ራሱ ጠርዙን መዞር ጀመረ። ከዚያ ሱቅ ስላክ ሳንቲሙን አፌ ውስጥ እይዘው እንደነበር፣ አንድ ቀን ዘልዬ እንደዋጥኩት፣ እማዬም ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላዬ እንዳልጠፋች አስታወስኩ። ሳንቲሙ ተገኝቷል። ታጥቦ ላምባ ተገዝቶበታል።

ከልጅቷ ጋር ካወራን በኋላ ታላቅ እህቴ ቤት ሄድኩ። በአራት ክረምት ትበልጠኛለች። እሷን ለመጠየቅ ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የኔን ታሪክ እንድታረጋግጥልኝ ነበር። አላረጋገጠችልኝም።

«እትዬ፣ 1953 እንዴት ያለ ዓመት ነበር አይደል?» አልኳት። ለኔ የልጅነቴ ትልቁ ዓመት እሱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 አመሻሽ ላይ ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እኛ በማግስቱ ጠዋት በየቤቱ የሳልነውን አበባና ፀሐይ እያዞርን ጠጅ ቤቱ በር ላይ ደረስን፣ ትልልቅ ሰዎች ራዲዮ ከበው ይጯጯሃሉ፣ አንዱ ብድግ ብሎ ሥዕሌን ሳያይ ሽልንግ ሰጠኝ። ሽልንግ! 50 ሳንቲም! ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከቀበና አራት ኪሎ ዳገቱን በሩጫ ሆነ። በባዶ እግራችን ነው፣ ድሮም በባዶ እግራችን ነበርን፣ ግን አሁን ድህነት መሆኑ ቀረና አበበን መሆን ሆነ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ግርግሩ መጣ። ጃንሆይ ብራዚል ሄደው ሳለ ክቡር ዘበኛ ተነሣ። ሐሙስ ታኅሣሥ 6 ተኩሱ ሲጦፍ እማዬ ሁላችንንም ከመደቡ ሥር መሬት ላይ አስተኛችን። እኔ 10 ዓመቴ ነው። የማስታውሰው ምን መሰላችሁ? ካበቃ በኋላ ቀለህ ለቅመን በብይ ፋንታ መጫወታችንን። አንድ ረጅም ቀለህ በአምስት ብይ ይመነዘር ነበር። ይህን ለእህቴ በደስታ ነገርኳት።

«አንተ ምን ታውቃለህ!» አለችኝ። «ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ እኔ ሦስት ቀን በድንጋይ ስፈጭ አንተ በልተህ ነው ቀለህ የለቀምከው። መዳፌ ተልጦ መጅ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ስትበላ ግን አይቼሃለሁ።»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ከዚያ ስለ ውሃው ነገረችኝ። እኔ «ውሃ ከቦኖ ነበር» ብዬ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ። እህቴ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወረፋ መያዙን፣ እንስራው ጀርባዋን እንዴት ይቆርጣት እንደነበር፣ አንድ ቀን አዳልጧት ሰብራው ቤት መግባት ፈርታ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እስከ ማታ መዋሏን ነገረችኝ። እኔ እሷ ስትፈለግ የዋለችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ለኔ እኩኩሉ መስሎኝ ነበር። እኛ ብይ፣ ቆርኪና የካልሲ ኳስ ስንጫወት እሷ ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተችው እማዬ ወደ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ካልሲውም የሷ ነበር። እሱንም አልረሳችም።

ስለዚህ እናታችሁንና አባታችሁን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አትጠይቁ። አባት ያወራል፣ እናት «እውነቱን ነው» እያለች ቡና ትቀዳለች፣ እናንተም የአንድ ሰው ልጅነት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ለየብቻ ጠይቁ። ሲጋጩ ደግሞ ማን ትክክል ነው ብላችሁ አትፍረዱ፣ ሁለቱንም ጻፉ። እኔና እህቴ የቤታችንን ንድፍ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ሣልን። እኔ በሩን ወደ ወንዙ አዞርኩት፣ እሷ ወደ ምድጃው ጭስ መውጫ። ቤቱ ዛሬ የለም፣ ሄዳችሁ አታረጋግጡም፣ የነበረበት ቦታ አስፋልት ሆኗል። ሁለቱም ሥዕል ተቀምጧል።

ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር፣ በተለይ ውጭ ላላችሁ። ልጅቷ «አያቴ በ1953 ዓ.ም. 10 ዓመቱ ነበር» ብላ ቁጥሩን እንዳለ በእንግሊዝኛ ጽፋ መምህሯ ሰባት ስምንት ዓመት ጨምረው አስረጅተውኛል። ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከሆነ 7 ዓመት ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8። ግርግሩ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ሲጀመር በነሱ 1960 ነው። በዚያው ዓመት ጥምቀት ግን ለነሱ 1961 ገብቷል።

የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ካላችሁ ደግሞ ዓመት አትጠይቁት። «ጣልያን ሲወጣ ተወልደህ ነበር?» በሉት፣ እሱ 1933 ነው። «ለጃንሆይ የንግሥ ኢዮቤልዩ በእግርህ ትሄድ ነበር ወይስ ታዝለህ?» በሉት፣ 1948። «ግብፅን አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስንበላ የት ሆነህ ሰማህ?» 1954። «የአፍሪካ መሪዎች ሲሰበሰቡስ?» 1955። ወሩን በበዓል ይዛችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ ለቡሄ ነው፣ ለኪዳነ ምሕረት ነው ይሏችኋል። እህቴ መታወቂያዋ ላይ በሁለት ዓመት ታንሳ እንደተመዘገበች ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። ብሎ ብሎ በዚህ ዕድሜዋ አረጀሁ ብላ ተከፋች።

አንድ ስህተቴንም ልንገራችሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ታሪክ አለኝ፣ ለ50 ዓመት ሰው ያሳቅኩበት። ፊደል ስላልያዝኩ በርበሬ ታጠንኩ። ጋቢ አከናንበው ከሥር በርበሬ እሳት ላይ ይነሰነሳል፣ እና የኔ ማስነጠስ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ ይባላል። እዚህ ላይ ሁሌም ይሳቃል። ልጅቷ አልሳቀችም። «ከዚያ ማን አቀፈህ?» አለችኝ። ማንም። እማዬ እንዲያውም ለየኔታ ምስጋና እንቁላል ላከችላቸው። ይህን ስነግራት ድምፄ ልክ አልነበረም። ለካ አንዳንድ ቀልድ የምንቀልደው ሌላ መንገድ አጥተን ነው። አባታችሁ አንድን ታሪክ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሳቅ የሚጨርሰው ከሆነ፣ አንድ ቀን ከሳቁ በኋላ ትንሽ ቆዩ።

ስለ መቅጃው ብዙ አይባልም። ስልካችሁ ይበቃል። ግን ፊታቸው ላይ አትደግኑት፤ እንደ ዜና ቃለ መጠይቅ «እንደሚታወቀው» ማለት ይጀምራሉ። ድምፅ ብቻ ቅዱ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡትና እርሱት። አቦል ላይ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ጉልበት ሕመም ነው የሚወራው። ወሬው የሚመጣው ቶና ላይ ነው። በረካን ሳትጠጡ አትነሡ።

ፎቶንም አትመኑ። ያን ዘመን የተነሣሁት አንድ ፎቶ አለኝ፣ ኮት ለብሼ፣ የፕላስቲክ አበባ ተደግፌ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ከኔ በፊት የተነሣው ልጅም የለበሰው እሱኑ ነው፣ ላቡ ሳይደርቅ ነው የለበስኩት። ፎቶው የተቆረጠው ከጉልበት በላይ የሆነው ጫማ ስለሌለኝ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ስታገኙ «ልብሱ የማን ነው?» በሉና መልሱን ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።

ልጅቷ የቤት ሥራውን አስረክባ ጨርሳለች። ግን አሁንም እሑድ እሑድ ትደውላለች። የቃላት ደብተር አላት፣ መደብ፣ ቆጥ፣ ኩራዝ፣ መጅ፣ በረባሶ፣ እያለች 63 ደርሳለች። አንዳንዱን ቃል ሥዕል ሠርታለት ትልክልኛለች። ቆጡን የአውሮፕላን መደርደሪያ አስመስላዋለች፣ ዶሮዎቹ ቀበቶ አስረዋል።

በአንደኛው እሑድ «ስንት ልጆች ነበራችሁ?» አለችኝ። አምስት አልኳት። ሁሌም የምለው ነው። በሳምንቱ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ይህንኑ ሳነሣ፣ እሷ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ስድስት ነበርን» አለች።

ከኔ በታች አንድ ነበር። ኩፍኝ ወሰደው። እሷ እንዳለችው ያኔ እኔ 6 ዓመቴ ነበር፣ እሱ 3። እኔ ፊቱን እንኳ አላስታውሰውም። የምቀዳበትን ስልክ ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ። «ተወው» አለች፣ «እሱም ይግባ።»

የአባዬን ጫማ አጥልቆ ግቢውን ሲዞር ይውል ነበር አለች። አባዬ ለሥራ ሲወጣ ጫማውን አጥቶ ይጮሃል፣ ሲፈለግ አንዱ እግር ሁልጊዜ ዶሮዎቹ ዘንድ ይገኛል።